የዘበኛውን መዝገብ ፍለጋ እስከ ኩየራ

የበደለኝ ሰው ደረጀ ይባላል። የበደለኝም ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በጥር ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ናዝሬት ውስጥ ዕድሜዬን ሙሉ ባዋለድኩበት ሆስፒታል የስብሰባ አዳራሽ ነው። ያኔ የጥራትና የመረጃ ክፍል ኃላፊ ነበር። የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፤ ምንም ያላደረጉኝ ሰዎች ዛሬም እዚያ ይሠራሉ። የእሱን ስም ግን እጠራለሁ።

ከስብሰባው አንድ ሳምንት በፊት ከወንጂ በኩል በባጃጅ የመጣች ወላድ ብዙ ደም ፈሷት ሞታብን ነበር። ደረጀ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ከሁለት መዝገብ የተወሰደ ሰዓት አበራ። የካርድ ክፍሉ መዝገብ ሴትየዋ ልክ በስድስት ሰዓት ካርድ አውጥታ ወደ ማዋለጃ ተልካለች ይላል። የእኔ መዝገብ በሰባት ሰዓት ከሃያ ሁለት ተቀበልኳት ይላል። «ሰማንያ ሁለት ደቂቃ ሲስተር ወይንሸት ጋ ጠፍቷል» አለ።

ተነስቼ ተናገርኩ። ካርድ ክፍሎች ምሳ ሊወጡ ሲሉ ሰዓት ይዘጋሉ አልኩ። መስኮቱ ፊት ለተሰለፈው ሁሉ ቁጥር ያድሉና፣ ሁሉንም በስድስት ሰዓት እንደተስተናገደ አድርገው ጽፈው መስኮቱን ዘግተው ይሄዳሉ። ካርዱ እጅ ላይ የሚደርሰው ከምሳ ሲመለሱ ነው። ያለ ካርድ ደግሞ አልጋ አይሰጥም ነበር። ሴትየዋ እኔ ጋ አልነበረችም፣ ባጃጅ ውስጥ ነበረች፤ ካላመናችሁ የበሩን ዘበኛ የጋሽ ቱሉን መዝገብ አምጡ አልኩ።

ይህን ያልኩት እንዲሁ አልነበረም። ጋሽ ቱሉ በበሩ የሚገባውንና የሚወጣውን መኪናና ባጃጅ ሁሉ ከነታርጋውና ከነሰዓቱ ይመዘግባል። ምጥ የያዛት ሴት ከመጣች ታርጋው አጠገብ ትንሽ ክብ እንዲያደርግልኝ ለምኜው ሁለት ዓመት ያህል አድርጎልኛል። እኔ ደግሞ እሱ የጻፈውን ሰዓት ከማዋለጃ መዝገቤ ጋር አስተያይቼ ለእያንዳንዷ ወላድ በካሬ ወረቀት ላይ አንድ ነጥብ አስቀምጥ ነበር፤ ከበር እስከ አልጋ ስንት ደቂቃ ፈጀባት እያልኩ። ወረቀቱንም «ከበር እስከ አልጋ» አልኩት። የወሩ አማካይ ደህና ነበር። ነጥቦቹ ግን ደህና አልነበሩም፤ ብዙዎቹ ታች ተኝተው ጥቂቶቹ ለብቻቸው ላይ ተሰቅለዋል። የተሰቀሉት ሁሉ በምሳ ሰዓት የመጡ ናቸው። ወረቀቱን ለደረጀ ወስጄ አሳይቼው ነበር። «አማካዩ እኮ ጥሩ ነው» አለኝ። «አማካይ አይደማም» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ፤ ወረቀቱን ግን አልመለሰልኝም።

እንግዲህ በዚያ ማክሰኞ ስለ ቱሉ መዝገብ ስናገር ደረጀ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ «እኛ ስለ ዳታ እያወራን ሲስተር የዘበኛ ስታቲስቲክስ ያመጡልናል» አለ። አዳራሹ ሳቀ። መዝገቡ ተፈልጎ ጠፋ ተባለ። ፋይሌ ውስጥ «በቸልተኝነት» የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ገባ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ድረስ ማንም የዘበኛ ስታቲስቲክስ ብሎ ሊያላግጥብኝ ሲፈልግ ከልካይ አልነበረውም።

ዘንድሮ ጡረታ የወጡ አዋላጆች ለጤና ጣቢያዎች አማካሪ እንዲሆኑ ሲመረጡ እኔም አመለከትኩ። ፋይሌ ተገለጠ፤ ደብዳቤው ተነበበ፤ አይሆንም ተባልኩ። ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ጻፍኩ። አዲስ ማስረጃ ካለሽ እስከ ማክሰኞ አምጪ አሉኝ። በማግስቱ፣ ረቡዕ፣ ድሮ አብራኝ ትሠራ የነበረችው አዋላጅ ማርታ ከባቱ ደወለች። «ጋሽ ቱሉ ኩየራ ገብቷል፤ መዝገቡ እሱ ቤት ነው ይላሉ» አለች። ሐሙስ ተነሳሁ። ይህን የምጽፈው ነገሩን በግማሹ ለሰሙ የሥራ ባልደረቦቼ ነው። መንገዱንም እግረ መንገዴን አወራለሁ፤ አብዛኞቻችሁ ከሶደሬ ወዲያ እንደማትሄዱ አውቃለሁ።

ሐሙስ

መቁጠር አልተወኝም። ናዝሬት መናኸሪያ ሚኒባስ ውስጥ ከተቀመጥኩ እስኪነሳ ኀምሳ አንድ ደቂቃ ሆነ። ሾፌሩ በዚህ መካከል አራት ጊዜ «አሁን ነው የምንወጣው እማማ» ብሏል። ለእሱ መዝገብ ቢሰጡት በአንደኛው «አሁን» ላይ ወጣሁ ብሎ ይጽፋል።

ከሞጆ ወደ ቆቃ ከታጠፍን በኋላ መንገዱ ደህና ነበር። ዓለም ጤናን አልፈን ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ጎማም ነፋስ የለውም። ሾፌሩ ጎማውን በሚያልፍ ኤኖትሬ የጭነት መኪና ጭኖ ሊያስነፋ ሄደ፤ እኛ ግራር ሥር ቀረን። ጥላው ከናዝሬት ጥላ የሳሳ ነው፤ ፀሐዩ ግን አንድ ነው። ባዶ የቲማቲም ሳጥኖች ይዛ ወደ መቂ የምትመለስ ነጋዴ አንዱን ሣጥን ገልብጣ አቧራውን በነጠላዋ ጠረገችልኝ።

«ይቀመጡ እናቴ። እግርዎ አብጧል።»

«ገለቶማ» አልኳት። በኦሮምኛ ስላመሰገንኳት ደስ ብሏት አንድ ቲማቲም ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠችኝ።

«በሽተኛ ሊጠይቁ ነው?»

«መጽሐፍ ላመጣ ነው።»

«የጸሎት?»

«የዘበኛ።»

ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ዘበኛ ደግሞ ምን ይጽፋል? ‹ዛሬም ተኛሁ› ብሎ ነው?»

እኔም ሳቅኩ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ በዚህ ነገር ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ባቱ የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው። ናዝሬት ነፋሱ አቧራ ይዞ ይመጣል፤ ባቱ ነፋሱ የሐይቅ ሽታ ይዞ ይመጣል፣ ከኋላው ትንኝ ያስከትላል። ማርታ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከሴት ልጇ ጋር በሁለት ክፍል ቤት ትኖራለች። አልጋዋን ለቀቀችልኝ፣ አጎበሩን እየዞረች ፍራሹ ሥር ወተፈችልኝ፣ እግሬን በሞቀ ውሃ ካላጠብኩ ብላ ታገለችኝ። የጴንጤ ቤት ነው፤ ከራት በፊት ረጅም ጸሎት አደረሰች፤ በስሜ ጠርታ ጸለየችልኝ።

ደግነቷን አልክድም። ነገር ግን በዚያ ማክሰኞ ማርታም አዳራሹ ውስጥ ነበረች። ካርድ ክፍሎች ሰዓት እንደሚዘጉ ከእኔ እኩል ታውቃለች። ሰው ሲስቅ አንገቷን ደፍታ ጥፍሯን ስታይ አይቻታለሁ። ራት ላይ ይህንኑ ነገርኳት።

«ፈራሁ፣ ሲስተርዬ» አለች። «ቋሚ አልነበርኩም፤ ልጅ ይዤ ነበር።»

«እኔም ፈርቼ ነበር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው የደወልኩልዎት።»

ይቅር አላልኳትም። በአልጋዋ ላይ ግን ደህና ተኛሁ።

ዓርብ

ማርታ የምትሠራበትን ጤና ጣቢያ ልታሳየኝ ወሰደችኝ። በባጃጅ በሩ ላይ ስንደርስ ጥበቃው በትሩን አጋድሞ አስቆመን። ታርጋውን አየ፣ የእጅ ሰዓቱን አየ፣ በገመድ በታሰረ እስክሪብቶ ጻፈ። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ እያየ «ምጥ አለ?» አለ።

«የለም» አለችው ማርታ፤ «እኚህ ጨርሰዋል።»

እሷ ሳቀች። እኔ ጥበቃውን ዞሬ አየሁት። ጋሽ ቱሉን ያስተማርኩት ጥያቄ ነበር።

ውስጥ ኮሪደሩ ላይ ትልቅ ፖስተር ተለጥፏል። «ከበር እስከ አልጋ» ይላል። ከሥሩ የደረጀ ስም አለ፤ ከስሙ በፊት «ዶክተር» ገብቶበታል። ከበሩ እስከ አልጋው የተሳለው ሥዕል ውስጥ ዘበኛም ባጃጅም አለ። ፖስተሩ ፊት ምን ያህል እንደቆምኩ አልቆጠርኩም።

የመረጃ ክፍሏ ሠራተኛ ሃዊ ትባላለች፤ ጥፍሯን ቀይ የተቀባች፣ ወሬዋ የፈጠነ ወጣት ናት። ወንበር ስባ አስቀመጠችኝና ኮምፒዩተሯን አዞረችልኝ። እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ወላድ ናት። በመካከል የተዘረጋው መስመር ነጥቦቹን እኩል የሚከፍል ነው፤ ግማሹ ከላይ፣ ግማሹ ከታች። ነጥቦቹ ከመስመሩ በላይና በታች ሲዘሉ የተለመደ ነው፤ ተከታትለው ወደ አንድ ወገን ሲሄዱ ግን አንድ ነገር ተለውጧል ማለት ነው አለችኝ።

«ይኸው እዚህ ጋ ተለወጠ» ብላ በጣቷ ነካችው። ነጥቦቹ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ወርደው እዚያው ቀርተዋል።

«ምን አደረጋችሁ?»

«ምጥ ከሆነ ቀጥታ አልጋ። ካርዱን ቤተሰብ ቀስ ብሎ ያወጣል። ሙድ የለውም በፊት የነበረው፤ ሰው እየደማ ወረፋ! ዶክተር ደረጀ ነው ሥልጠና ላይ ያሳየን። ሐሳቡን ከየት እንዳመጣው ጠይቀነው ‹ከረጅም ልምድ› አለን።»

«ከረጅም ልምድ» አልኩ እኔም።

ማርታ አፏን ከፈተች፤ በዓይኔ ዘጋሁት። ለሃዊ ምን ልንገራት? የተሰረቀው ነገር ሠርቷል። በዚህች ግቢ ባጃጅ ውስጥ የምትደማ ሴት የለችም። በዚህ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ግማሽ ልቤ ደስ አለው፤ ሌላው ግማሽ ኮምፒዩተሩን ይዞ መስኮቱን መምታት ፈለገ።

ሃዊ አንድ ነገር ደግሞ ነገረችኝ፤ በኋላ ስለሚያስፈልገኝ እጽፈዋለሁ። ጥበቃዎቹ በእውነት እያዩ መጻፋቸውን በምን ታውቂያለሽ አልኳት። የቀደመ መዝገብ አውጥታ ገለጠችልኝ። ሦስት ሰዓት፣ ሦስት ከአሥር፣ ሦስት ተኩል፣ አራት ሩብ ጉዳይ። ሁሉም ደቂቃ መጨረሻው ዜሮ ወይም አምስት ነው።

«ይሄ ማታ ቁጭ ብሎ የሞላው ነው እማማ። ሰው እኮ በአምስት በአምስት ደቂቃ አይመጣም። ሰዓቱን አይቶ የሚጽፍ ሰው ሦስት ከአሥራ ሰባት ይላል፣ አራት ከሁለት ይላል። ቁጥሩ ሲያስጠላ እመነዋለሁ።»

ይህን እኔም አስቤው አላውቅም ነበር። አንቺ ከማን ተማርሽው አልኳት። «ራሴ ነኝ» አለች። ቀናሁባት።

ምሳ ላይ ማርታ የዓሣ ወጥ አቀረበች። ዓርብ መሆኑን ረስታዋለች። «ዓሣ በጾም ይበላል ይባል የለ?» አለች። እኛ ቤት አይበላም አልኳት። ተነስታ ሽሮ ሠራችልኝ፤ እሷም ዓሣውን ትታ ከእኔ ጋር ሽሮ በላች።

ቅዳሜ

ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚሄድ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። አዳሚ ቱሉና ቡልቡላ እንደ ናዝሬት ደረቅ ናቸው፤ በመንገዱ ዳር የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል። አርሲ ነገሌ ሲደርሱ ግን አየሩ ይለወጣል። መስኮቱ ዘነበበት፤ እኔ ስስ ሹራብ ብቻ ይዤ ብርድ አንቀጠቀጠኝ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ከፍለው ትከሻዬ ላይ ጣሉልኝ። ሰላምታ እንጂ ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም።

ኩየራ ወርጄ የቱሉን ቤት ጠየቅኩ። ቤተ ክርስቲያን ናቸው አሉኝ። የአካባቢው ሰው ብዙው ቅዳሜን የሚያከብር ነው፤ ይህን ዘንግቼው ነበር። በአጥሩ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኳቸው። ሚስቱ አዴ ዲንቄ እጁን ይዛ እየመራችው መጡ። ጋሽ ቱሉን ያላየሁት ስድስት ዓመት ነው። ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል። በድምፄ አወቀኝ።

«ሲስተር! አካም ጅርቱ? እንዴት በዚህ ብርድ መጡ?»

ከዓርብ የተሰናዳ ምግብ ነበር፤ ቀዝቃዛ የምስር ወጥ፣ የተቀቀለ ድንች፣ ዳቦ፣ እርጎ። ቡና አይጠጡም፤ አዴ ዲንቄ ከፔርሙዝ የጦስኝ ሻይ ቀዳችልኝ። ቡና ያጣ ራሴ እስከ ማታ ሲፈልጠኝ ዋለ፤ ይህን አልነገርኳቸውም።

በልተን እንደጨረስን ጠየቅኩት።

«ጋሽ ቱሉ፣ መዝገቡ አለ?»

«አለ» አለ።

«ይስጡኝ።»

«ዛሬ ሰንበት ነው፣ ሲስተር።»

«ደብተር ማየት ሥራ ነው?»

«የበር መዝገብ ነዋ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት እሱን ነው። እሱ ሥራ ካልሆነ፣ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ማለት ነው።»

አዴ ዲንቄ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም። ናዝሬት ውስጥ ኮሚቴ እንደሚጠብቀኝ፣ ስሜ እዚያች ደብዳቤ ላይ እንደቆመ፣ ማስረጃ ካላመጣሁ ማንም ከእንግዲህ እንደማይሰማኝ ነገርኩት። «ፀሐይ ስትገባ» አለ። ወረፋ ያስያዘኝ ካርድ ክፍል መሰለኝ። ሰዓቴን አየሁ፤ ስምንት ከአሥራ ስድስት ይላል።

ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ከአንድ ወንበር ሳልነሳ አሳለፍኩት። ቱሉ ዕረፍት አልነበረውም። «መዝገቡ ባይገኝስ ኖሮ?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ «ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው፣ ሰው ረስቶታል» ይላል። ያን ጊዜ ጥርጣሬ ገባኝ።

«ደረጀ ነው ደብቀው ያለዎት?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አላመጡትም? እኔ አዳራሽ ውስጥ ሲሳቅብኝ እርስዎ በር ላይ ቆመው ነበር። መዝገቡ በእጅዎ ነበር። ሸጡኝ።»

አዴ ዲንቄ ስኒዋን አስቀመጠች። «ሲስተር፣ ቤታችን ገብተው እንዲህ አይበሉ» አለች። ቱሉ እጁን አነሳ። «ተያቸው» አለ። «ፀሐይ ስትገባ ያዩታል።»

ፀሐይ ገባች። ቆመው አጭር ጸሎት አደረጉ፤ ከዚያ ቱሉ በዳሰሳ ወደ ጓዳ ገብቶ ሣጥን ሲከፍት ሰማሁ። መዝገቡን በሁለት ፌስታል ጠቅልሎ አመጣው። ገጹን ሳልጠይቀው ነገረኝ፤ በቃሉ ያውቀዋል።

አምፖሉ ሥር ገለጥኩት። የቱሉ ጽሑፍ እንደ ድሮው ነው፣ ፊደሉ ጎባባ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ። ታርጋ፤ ክብ፤ «አምስት ከአርባ ሦስት ገባ። ካርድ በር ቆመ።» ካርድ ክፍሉ ስድስት ብሎ ሲዘጋ ሴትየዋ መስኮታቸው ፊት ነበረች። ትክክል ነበርኩ። በዚያው መስመር ቀጠልኩ። «ስድስት ከአሥራ ሰባት ለሲስተር ተነገረ። ካርድ ይዛ ትምጣ አለች። ሰባት ከሃያ አንድ ወጣ።»

ደግሜ አነበብኩት። ድምፅ አውጥቼ አይደለም፤ ቱሉ ግን የቱ ጋ እንደደረስኩ ያውቃል።

«እኔ መጥቼ ነግሬዎት ነበር» አለ። «ሁለት ወላድ አልጋ ላይ ይዘው ነበር። ደም አለ አልኩ። እርስዎ ሳይዞሩ ነው የመለሱልኝ።»

አላስታውስም። ዛሬም ድረስ አላስታውስም። ይህን ለመሸፈን የምለው አይደለም። «ካርድ ይዛ ትምጣ» በየቀኑ የምለው ነገር ነበር፤ በየቀኑ የሚባል ነገር ከየቱ ቀን ተለይቶ ይታወሳል? ያንን ሕግ በካሬ ወረቀት እየነቀፍኩ፣ በአፌ ግን እኔው እፈጽመው ነበር።

ውሸት ነው ማለት ፈለግኩ። ከኋላ የተጨመረ ነው ማለት ፈለግኩ። ገጹን ከላይ እስከ ታች አየሁት። አምስት ከአርባ ሦስት፤ አምስት ከሃምሳ ሁለት፤ ስድስት ከአራት፤ ስድስት ከአሥራ ሰባት። አንድም ቦታ ዜሮና አምስት አልተደረደረም። ሃዊ እንዳለችው አስጠሊታ ቁጥር ነው። የተዘጋው ሰዓት የካርድ ክፍሉ ነው፤ የዚህ ሰው ሰዓት ክፍት ነው።

«መዝገቡን ለምን ወሰዱት?»

«ይህችን መስመር ቢያዩ ከሥራ ያባርሩዎታል ብዬ። ማስጠንቀቂያ ይሻላል ብዬ። ዘበኛ ደብተር ጠፋበት ቢባል ማን ይገረማል?»

«ታዲያ ገጹን ብቻ ቀደው አይጥሉትም ነበር?»

«የበር መዝገብ ነው፣ ሲስተር። ገጹ ቁጥር አለው።»

ይቅርታ አልጠየቅኩትም። መጠየቅ ነበረብኝ። አዴ ዲንቄ ድንቹን አሙቃ አመጣች፤ «ይብሉ፣ ከምሳ ወዲህ ምንም አልቀመሱም» አለች፣ ከሰዓት በኋላ የተናገርኩትን ያልሰማች መስላ።

እሑድ

ስነሳ ቱሉ መንገድ ድረስ ሸኘኝ፤ አዴ ዲንቄ ድንች በከረጢት አሸከመችኝ። «መዝገቡ እዚሁ ይቅር ካሉ ይቅር» አለኝ። «ጠፋ ተብሏል፤ እንደጠፋ ይኑር።» ከረጢቱን በአንድ እጄ፣ መዝገቡን በሌላው ይዤ ተሳፈርኩ።

ስለ መልሱ መንገድ የምጽፈው ብዙ የለኝም። ላንጋኖ ቡናማ ነበር። ባቱ ላይ አልወረድኩም፤ ማርታ ስትደውል አላነሳሁም። መቂ ላይ ቲማቲም በሳጥን ተቆልሎ አየሁ፣ ነጋዴዋን ግን አላየኋትም። ናዝሬት ስደርስ ሙቀቱ ፊቴን መታኝ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላለኝም።

ሰኞ

ይህን መጻፍ ከብዶኛል፤ ግን ደረጀን በስሙ ከጠራሁ ራሴንም ልጥራ። ሰኞ ጠዋት ፎቶ ኮፒ ቤት ገባሁ። ገጹን ገልጬ የመካከሉን ጽሑፍ በነጭ ወረቀት ሸፈንኩት። የቤቱ ሠራተኛ ልጅ አነሳችልኝ። በጣም ንጹሕ ሆኖ ወጣ፦ አምስት ከአርባ ሦስት ገባ፣ ካርድ በር ቆመ፣ ሰባት ከሃያ አንድ ወጣ። በእጄ ይዤ ቤቴ ገባሁ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሳየው ደረጀ ከሚያቀርበው ዘገባ የሚለየው ነገር አልነበረውም። ያልተመቸው ነጥብ ወጥቶለታል።

ማክሰኞ

ኮሚቴው ሦስት ሰዎች ናቸው። ደረጀ በባለሙያነት ተጋብዞ ዳር ተቀምጧል፤ ፀጉሩ ሸብቷል፤ «ሲስተር፣ ደህና ነዎት?» ብሎ እጁን ዘረጋ። ጨበጥኩት። ፎቶ ኮፒውን ቤት ትቼ መዝገቡን ይዤ ሄጄ ነበር። ገለጥኩና መስመሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ራሴ አነበብኩላቸው።

ሰብሳቢዋ ሴት መነጽሯን አውልቃ «ይህ እኮ ነፃ አያወጣዎትም» አለችኝ።

«አያወጣኝም። ካርድ ክፍሉንም አያወጣም። ሰማንያ ሁለቱን ደቂቃ ለእኔ ብቻ የሰጠውንም አያወጣም።»

ደረጀ ጎንበስ ብሎ ገጹን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ «ሲስተር፣ ይህችን መስመር ባያነቡልን ኖሮ እኮ ያሸንፉ ነበር» አለኝ።

«አውቃለሁ። አንተ ብትሆን አታነባትም ነበር።»

ኮሚቴውን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኩ፤ «ከበር እስከ አልጋ» በሚለው ፖስተር ላይ የዘበኛው የቱሉ ስም እንዲገባ። የእኔን አልጠየቅኩም። ይታሰብበታል አሉ።

ማስጠንቀቂያው አልተነሳም። አማካሪ ሆኜም አልተመረጥኩም። መዝገቡን ለመረጃ ክፍሉ አስፈርሜ አስረከብኩ። ስወጣ ፖስተሩ እዚያም ኮሪደሩ ላይ ተለጥፎ አገኘሁት። እስክሪብቶ አውጥቼ ከደረጀ ስም በላይ «ቱሉ፣ የበር ዘበኛ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ባጃጅ ይዤ ወንጂ ሄድኩ። የሟቿን ወላድ ባል ቤት ጠይቄ አገኘሁት፤ ስድስት ከአሥራ ሰባት ላይ ምን እንዳልኩ ነገርኩት። ሰማኝና በሩን ዘጋ። ወደ ቤቴ ተመለስኩ።